ሹፌር አልባ መኪና የሚሠለጥንበት ጎረቤት

የምኖረው ሚሺጋን፣ ኢፕሲላንቲ ነው። አገር ቤት ስደውል «እናንተ ጋ መኪና ያለ ሹፌር ይሄዳል አሉ?» የማይለኝ ዘመድ የለም። ይሄዳል። እኔን የገረመኝ ግን እሱ ሳይሆን መኪና ከመኪና ጋር መነጋገሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችን አን አርበር ከተማ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ መኪኖች ላይ ሬዲዮ አስገጥሞ ጥናት ጀመረ። ፈቃደኞቹ በብዛት የሆስፒታሉ ሠራተኞችና የተማሪ ወላጆች ነበሩ። እኔም ያኔ ሆስፒታሉ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራ ስለነበር ተመዘገብኩ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሰሩልኝ። ለእኔ ምንም አትለኝም፤ ሥራዋ በየሴኮንዱ 10 ጊዜ «እዚህ ነኝ፣ በዚህ ፍጥነት ወደዚህ እየሄድኩ ነው» እያለች ማሳወቅ ብቻ ነው። የተሻለው መሣሪያ የደረሳቸው ግን ከፊታቸው ካለው መኪና ወዲያ ያለው ሹፌር ድንገት ፍሬን ሲይዝ ማስጠንቀቂያ ይሰማሉ። ልክ ወያላ በመስኮት ተንጠልጥሎ ሹፌሩ የማያየውን እንደሚያይለት።

በ2015 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ኤምሲቲ የተባለውን የመሞከሪያ መንደር ከፈተ፤ 32 ኤከር፣ ወደ 13 ሄክታር ነው። እዚያው ምሕንድስና የምትማረው የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ይዛኝ ገባች። ሕንፃዎቹ ፊት እንጂ ጀርባ የላቸውም፤ እንደተፈለገ ይነሳሉ ይተከላሉ። መንገዱ አንዱ ጋ አስፋልት፣ አንዱ ጋ ጡብ፣ አንዱ ጋ ጠጠር ነው። የብረት ድልድይ አለ፣ የመኪናውን ራዳር ለመፈተን። የሳተላይት ምልክት የሚያደክም የዛፍ ጥላ አምሳያም ሠርተዋል። መስመሩ የደበዘዘ ነው፤ አንድ የትራፊክ ምልክት ላይ ቀለም ተረጭቶበት አየሁና «ይሄን ማን አበላሸው?» አልኳት።

«ሆን ተብሎ ነው ጋሼ። ንጹሕ ምልክት ብቻ እያየ የለመደ መኪና ውጭ ሲወጣ ግራ ይገባዋል።»

«እኛ አገር ቢሆን ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ባላስፈለገ» ብዬ ሳቅሁ። እዚህ ስላደገች ነው መሰል ቀልዱ አልገባትም።

እዚያ መንገድ የሚያቋርጠው ሰው ራሱ ማሽን ነው፤ መቼ እንደሚወጣ ይታወቃል። በመጋቢት 2018 ቴምፔ፣ አሪዞና ውስጥ በሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች ስታቋርጥ በሙከራ ላይ በነበረ መኪና ተገጭታ የሞተችው ሴት ግን መቼ እንደምትወጣ ማንም አያውቅም ነበር። መሪው ኋላ ተቆጣጣሪ ሰው ተቀምጦ እንኳ አላዳናትም። እውነቱን ለመናገር የእኔም ሳጥን አያድናትም ነበር፤ እግረኛ ሬዲዮ አይዞርም።

ቢሆንም ለሚነጋገሩት መኪኖች አዝናለሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1999 መኪኖች ለሚነጋገሩበት 75 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ መድቦ ነበር። በ2020 45ቱን ወስዶ ለዋይፋይ ሰጠው፤ በቀረው 30 ላይም የእኔዋን ዓይነት ሬዲዮ ሳይሆን ሌላ ዓይነት እንዲሠራ ወሰነ። ነገሩ እኮ ብቻህን ገጥመኸው የሚጠቅምህ አይደለም፤ የምታናግረው መኪና ያስፈልግሃል። ራሱን የሚነዳው ግን ማንንም አይጠብቅም፣ ስለዚህ ገንዘቡም ወደዚያው ሄደ።

ፊኒክስ ታክሲ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። እዚያ ሹፌር አልባው ታክሲ ከ2020 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። በቀደም ደውሎ «እናንተ አሠልጥናችሁ ላካችሁብን» አለኝ።

«የእናንተዎቹ እንኳ የተለማመዱት ካሊፎርኒያ፣ ካስል የሚባል የድሮ አየር ኃይል ሰፈር ነው። እኛን ተወን።»

«እሺ፣ እናንተ ጋ በረዶ አለ አይደል? መስመሩን ሲሸፍነው አይችሉትም። ጠቅልዬ ልምጣ?»

«ከ2017 ጀምሮ እዚህ እየመጡ በረዶ ላይ እየተለማመዱ ነው» ስለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።