ሊጡ ኩፍ ያለው በምን ምክንያት ነው?

ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ የሳይንስ የቤት ሥራዋን ይዛ ማድ ቤት ገባች። የራሷን ሙከራ ሠርታ ሦስቱን ቫሪያብሎች፣ ማለትም በሙከራው ውስጥ ሊለዋወጡ የሚችሉትን ነገሮች፣ እንድትለይ ታዛለች። ቀላል መሰለኝ። ኢንዲፔንደንት የምንቀይረው፣ ዲፔንደንት የምንለካው፣ ኮንትሮልድ ደግሞ እንዳይቀየር የምንይዘው። ተማሪ እያለሁ ሸምድጄዋለሁ።

ጥያቄያችን የውሃ ሙቀት ሊጥ ኩፍ እንዲል ምን ያህል ይረዳል የሚል ነበር። ደረቅ የዳቦ እርሾ አንዱን በቀዝቃዛ፣ ሌላውን ለብ ባለ ውሃ በጥብጠን አቦካን። የቀዝቃዛውን መስኮት ላይ፣ የሞቀውን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምድጃው ከብርጭቆው አፍ ሊወጣ ደርሷል።

"አየሽ!" አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

"አባዬ፣ ምድጃው አሙቆት ቢሆንስ?"

ዝም አልኩ። ልብ ብዬ ሳይ ደግሞ አንዱ ብርጭቆ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። እኩል ሊጥ ጠባቡ ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል። ዱቄቱንም የሰፈርኩት በዓይኔ ነው። ኮንትሮልድ ማለት "ያልነካሁት" ይመስለኝ ነበር። ለካ ዝም ካሉት ራሱ ይቀየራል፤ ተለፍቶ ነው እኩል የሚሆነው።

እሁድ እንደ አዲስ ጀመርን። አራት አንድ ዓይነት ብርጭቆ፣ በሚዛን የተለካ 100 ግራም ዱቄት፣ እኩል ውሃ፣ አናቱ ተስተካክሎ የተሰፈረ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ። ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ከምድጃው ርቀው። ውሃው 20፣ 38 እና 70 ዲግሪ። አራተኛው 38 ዲግሪ ነው፣ ግን እርሾ የለውም። ሁሉም ከ4 ሴንቲ ሜትር ጀመሩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ 20 ዲግሪው 5 ተኩል፣ 38 ዲግሪው 8 ደረሰ። 70 ዲግሪው ንቅንቅ አላለም፤ እርሾ ከሌለው ጋር እኩል ቁጭ ብሏል። ሙቀቱ እርሾውን ገድሎታል። አራተኛው ብርጭቆ ባይኖር ኖሮ ይህን በምን እናውቅ ነበር? እዚህ ላይ እኔም ተምታቶብኝ ነበር። ይህ ብርጭቆ ኮንትሮል ይባላል፤ ማነጻጸሪያ ነው። ኮንትሮልድ ቫሪያብል ግን ሌላ ነው፤ ዱቄቱ፣ ብርጭቆው፣ ቦታው።

ልጄ ደግሞ "ሰዓት"ን ኢንዲፔንደንት ውስጥ ጻፈች። ተከራከርን። ሁሉንም የለካነው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሆነ ለእኛ ኮንትሮልድ ነው። አንዱን ሊጥ በየ10 ደቂቃው ብንለካው ኖሮ ግን ልክ ነበረች። ዓይነቱን የሚወስነው ጥያቄው ነው እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም።

ኩፍ ያሉትን ሁለቱን ጋግረን በላን። አሁን ደግሞ የጨው መጠንን መሞከር ትፈልጋለች። ያን ጊዜ የውሃው ሙቀት ኮንትሮልድ ውስጥ ይገባል፤ 38 ላይ።