ጅማ ላይ ክረምትን ከትንንሽ ሴት ልጆች ጋር፦ የሚሠራውና የሚቀመጠው

ትምህርት ቤት በሰኔ መጨረሻ ከተዘጋ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለወላጅ ረጅም ነው፤ ለልጅ ግን ሳይጀመር ያልቃል። ብዙ ቤተሰብ ወሬውን የሚጀምረው «የት እንውሰዳቸው?» ብሎ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ መሄጃና መመለሻው ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። መኪና የሚያስመልሳት ልጅ ካለች ደግሞ ከጉዞው ትዝ የሚላት ፌስታሉ ነው። ከአራት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜ ልጅ ውስጥ የሚቀረው በየዓመቱ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ቦታ፣ በገዛ እጇ የሠራችው ነገር ነው። ለዚህ ጅማ ምቹ ከተማ ናት፤ የዝናቡን ጠባይ ማወቅ ብቻ ይጠይቃል።

ከተማዋ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምት ነው። አብዛኛውን ቀን የሚሻለው ጠዋቱ ነው፤ ደመናው የሚከብደው ከምሳ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከግቢ የሚያስወጣ ነገር ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቅ፤ ከሰዓት በኋላው ለቤት ሥራ ይቀመጥ። ለትንንሾች ከጃንጥላ የዝናብ ካፖርት ይሻላል፤ ጃንጥላ የያዘች ልጅ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚቀራት፣ እሱም ለመውደቅ አይበቃም። ቦት ጫማ «ታድግበታለች» ተብሎ በጣም ሰፊ አይገዛ። ቀዩ ጭቃ ጨምድዶ ይይዘውና እግሯ ብቻ ይወጣል። የረጠበ ጫማ ከምድጃ ዳር ማስቀመጥ ማስቲሹን ይለቀዋል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ወረቀቱን ማታና ጠዋት እየቀየሩ ማድረቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ቡና መትከል። ጅማ ውስጥ ግቢ እያለ ልጅ አንድ የራሷ እግር ቡና ሳይኖራት ብታድግ ያስቆጫል።

ጊዜው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ ነው። ነሐሴ ካለቀ በኋላ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ወራት ይደርሱበታል። ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ ይህ የአዋቂ ሥራ ነው፣ ከተቻለም ከመትከያው ቀደም ብሎ ተቆፍሮ ይቆይ። ሲቆፈር ከላይ የሚወጣውን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል፣ ከታች የሚወጣውን ቀይ አፈር በሌላ በኩል ክምር። ወደ ጉድጓዱ መጀመሪያ የሚመለሰው ከብስባሽ ጋር የተደባለቀው ጥቁሩ ነው። መደባለቁን ለልጆቹ ተዉላቸው፤ በጭቃ እንዲጫወቱ ፈቃድ የሚያገኙበት ብቸኛ ቀን ነው።

ቦታ ሲመረጥ ሁለት ነገር ይታይ። ከቆርቆሮው ጠርዝ በታች አይሁን፤ ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ አፈሩን ጠርጎ ሥሩን ያራቁተዋል። ውሃ የሚያቁር ረባዳም አይሁን፤ እዚያ የተተከለ ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች ካሉ በችግኞቹ መካከል ሁለት ሜትር ይተው፤ አለዚያ ሲያድጉ «ያንቺ የኔን ጋረደው» የሚባል የማያልቅ ክስ ይመጣል።

የዘሩ ነገርም ቀላል አይደለም። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ነው። ፍሬውን አረንጓዴ ሳለ ያጠቁረዋል፤ የሦስት ዓመት ትዕግሥት በአንድ ክረምት ይበላሻል። መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ስማቸው ቁጥር ነው፤ 74110፣ 74112፣ 74165 እያለ ይሄዳል። 74 ማለት የተመረጡበት ዓመት፣ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር 1974 ነው። 74110 እና 74112 ቅርንጫፋቸው ሰብሰብ ያለ ስለሆነ ለጠባብ ግቢ ይስማማሉ፣ ልጅም ፍሬውን ሳትንጠራራ ትለቅማለች። ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ሲገዛ ቁጥሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ያለው፣ ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ይመረጥ። ረጅሙ ሁልጊዜ ጥሩው አይደለም፤ ጥላ በዝቶበት የተመዘዘ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፕላስቲክ ከረጢቱ ላይ ነው። ችግኙ ከረጢት ውስጥ ሲቆይ ዋናው ሥር ከታች ደርሶ ይጠመዘዛል። እንደተጠመዘዘ ከተተከለ ሁለት ሦስት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ይጠወልጋል። ስለዚህ የከረጢቱን ታች አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በስለታም ቢላ ከአፈሩና ከተጠመዘዘው ሥር ጋር መቁረጥ፣ ከዚያ ጎኑን ሰንጥቆ ፕላስቲኩን ማውጣት ነው። ቢላው የእናት ወይም የአባት ነው። ልጅቱ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጇ አቅፋ ታወርደዋለች። ችግኙ ከረጢት ውስጥ ሳለ አፈሩ ከግንዱ የደረሰበት ልክ ከግቢው መሬት ጋር እኩል ይሁን። ጠልቆ ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል። ዙሪያውን በእጅ ጠቅጠቅ ማድረግ ይበቃል፤ ትንንሾች በእግር መርገጥ ይወዳሉ፣ ሥሩ ይበጠሳል። በመጨረሻ ደረቅ ሣር ወይም የሙዝ ቅጠል ጉዝጓዝ ይደረግበት፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ አንድ ስንዝር ይራቅ። ደመናው ሲገፈፍ ፀሐይዋ ስለምትበረታ ጥቂት ቅርንጫፍ ሰክቶ ጥላ ማበጀት ያስፈልጋል።

ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ቀን ሁለት ልክ ይወሰዳል፤ የልጅቱና የቡናው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ልጅቱ ያለ ጫማ፣ ተረከዟን ግድግዳ አስነክታ፤ ቡናው ከአፈሩ እስከ ጫፉ። ለሁለቱም አንድ ደብተር፣ አንድ ገጽ። ደህና የተያዘ ቡና በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማበብ ይጀምራል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ዝናብ ጠብ ካለ ከቀናት በኋላ ነጭ አበባው ይፈነዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ሸትቶ ይረግፋል። ያን ጊዜ ትምህርት ስላለ ጠዋት ሳይወጡ ማየት ነው። ፍሬው የሚቀላው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ቆይቶ ነው። በአምስት ዓመቷ የተከለች ልጅ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሲሞላት የራሷን ቡና ትለቅማለች ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲይዝ የነሐሴ ምግብ እሸት በቆሎ ነው። ጺሙ ቡናማ ሆኖ የደረቀ፣ ልባሱ ግን ገና አረንጓዴ የሆነ ይመረጥ። ፍሬው በጥፍር ሲጫን ወተት የሚያወጣው ለልጅ ጥርስ ነው፤ ወተት የማይሰጠው ጠንክሯል፣ ለቅቅል ይሁን። ፍም ላይ ከመጣዱ በፊት ከልባሱ ሁለት ሽፋን ቢተውለት ከውስጥ ይበስላል፤ ኋላ ገፍፎ ትንሽ ማጥቆር ነው። አንድ ነገር ግን ሳልጠነቅቅ አላልፍም። ብርድ ነው ተብሎ ከሰል ያለበት ምድጃ በር ተዘግቶ ክፍል ውስጥ አይቀመጥ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ልጅ «ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፌ መጣ» ካለች ወዲያው ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ መጥበስ ነው፤ በርና መስኮት መክፈት ብቻውን አያስተማምንም።

ለአንድ ጠዋት ጉዞ ጅሬን ይበቃል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ባጃጅ ይወጣል፣ ዝናብ ባደረበት ቀን ግን ዳገቱ ያንሸራትታል። ከመውጣት በፊት ክፍት መሆኑን መጠየቅ ይሻላል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን የገዙት ከ1878 እስከ 1932 እንደ ፈረንጆች ነው፤ ዓመተ ምሕረት ለስድስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግራትም። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ ነበር ይባላል፤ ሜትሩን ይዞ ሄዶ ሁለት ሜትር ግድግዳ ላይ ማሳየት ግን ዓይኗን ያስፈጥጣታል። ከተማ ውስጥ ያለው ሙዚየም የእሳቸውን ዕቃዎች ስለያዘ ሁለቱን በተለያየ ቀን ማየት ነው፤ በአንድ ቀን ከሆነ ሁለተኛው ላይ ለቅሶ ይነሣል።

ቦዬ ረግረግ ወፍ ለማየት ጥሩ ነው። ጉማሬ ስላለ ውሃው ዳር አለመጠጋት፣ ሲመሽም አለመቆየት። አዌቱ ወንዝ ውስጥ እግር መንከርም ይቅር፤ ቢልሃርዝያ የሚገባው በቆዳ ነው። ወባ ደግሞ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ፣ ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ አጎበሩ ክረምቱ አለቀ ተብሎ አይታጠፍ። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ደም ማስመርመር ነው።

ጳጉሜ ሲቃረብ የሴት ልጆቹ ወቅት ይመጣል። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ከቡሄ ማግስት፣ ከነሐሴ 14 ጀምሮ ካልተጀመረ በመጨረሻው ሌሊት እናት ናት የምትስለው። ተራ የደብተር ወረቀት በጅማ እርጥበት ላይ የውሃ ቀለም ሲጨመርበት ይጨማደዳል፤ ወፈር ያለ ወረቀት ለአራት ተቆርጦ፣ ቀለሙ ብዙ ውሃ ሳይነካ ይሳል። ጫፍ ጫፉ ሲደርቅ በመጽሐፍ ሥር ይተኛ። አደይ አበባ ለማስታወሻ የሚደረቅ ከሆነ ጠዋት ጤዛው ሲለቅ ይቀጠፍ፤ በሁለት ጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ ክብደት ይጫንበት። ጋዜጣው በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይቀየር፤ ካልተቀየረ ሻጋታ ይመታውና ቢጫው ይጠቁራል።

ለአዲስ ዓመት ሹሩባ የሚሠሩ ከሆነ ፀጉሩ ታጥቦ እስከ ሥሩ ይድረቅ፤ ርጥብ ፀጉር ተሠርቶ ሲቆይ ያሳክካል። ግንባር ላይ አይጥበቅ። ልጅቱ «ያመኛል» ካለች እውነቷን ነው፤ በየጊዜው የሚጎተት ፀጉር ከግንባር ይሳሳል።

ፎቶውን በተመለከተ የደመና ብርሃን ለፊት ተስማሚ ነው። በረንዳ ላይ ልጅቱ ወደ ውጭ እንድትመለከት አድርጎ፣ በርከክ ብሎ በዓይኗ ልክ ማንሳት ነው። በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ከተነሣች እግሯ መሬት መንካቱ ራሱ ዕድሜዋን ይናገራል። ከፎቶ ይበልጥ የሚረሳው ግን ድምፅ ነው። «ር» ስትል «ል» የምትል ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አትልም። ስልኩ ከአፏ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ቆርቆሮው ሳይጮህ፣ ጠዋት ይቀዳ፤ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ የተቀዳ ወሬ አይሰማም። የዝናቡ ድምፅ ለብቻው አንድ ደቂቃ ይቀዳ፣ እሱም ይፈለጋል።

ለዘመድ በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ኋላ ሲታተም ይደበዝዛል። ከየክረምቱ ሃያ ያህሉን መርጦ 10 በ15 ማሳተም በቂ ነው። ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ቀኑና የልጅቱ ዕድሜ ይጻፍ፤ ስክሪብቶ ፊቱ ላይ ይታተማል፣ ቀለሙም አጠገቡ ወዳለው ፎቶ ይሻገራል። አልበሙ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚወጡት እርጥበት የሚስቡ ትንንሽ ከረጢቶች ከጎኑ ይሁኑ። ሁለት ፎቶ ከተጣበቁ በጉልበት ማላቀቅ የለም። ፎቶ ቤት በኬሚካል የታጠቡ ከሆኑ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢቆዩ በራሳቸው ሊላቀቁ ይችላሉ፤ በቤት ወይም በቢሮ የቀለም ፕሪንተር የታተሙ ከሆኑ ግን ውሃ ቀለማቸውን ያጥበዋል፣ እንደተጣበቁ ማስቀመጥ ይሻላል። ዋናዎቹ ፋይሎች በሁለት ፍላሽ ይገልበጡ፤ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሌላው አያታቸው ጋር ይሁን። ፍላሽ ሳይነካ ለዓመታት ሲቀመጥ ሊበላሽ ስለሚችል በየዓመቱ፣ የአዲሱን ክረምት ሲጨምሩ፣ የድሮውም መከፈቱን ማየት ነው።