የጨው በረሃ ፎቶግራፍ ሲከረከም፦ ሰማዩን እቆርጣለሁ፣ ጥላውን አላስነካም

ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋው የዳናክል የጨው ሜዳ ለፎቶግራፍ አንሺ አስቸጋሪ ቦታ ነው። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ርቀትን የሚያስገምት ነገር የለም።

እኔ መከርከም የምጀምረው ከሰማዩ ነው። አድማሱን ከፎቶው አንድ ሦስተኛ ላይ አድርጉ የሚለውን የተለመደ ምክር እዚህ አልከተለውም። እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ በአቧራና በሙቀት ስለሚደበዝዝ ከፎቶው ከአሥር አንድ እጅ ያህል ይበቃዋል፤ አንዳንዴ ጨርሶ አስወጣዋለሁ። ባዶውን መሬት ግን አልነካም። ብዙ ሰው ግመሎቹን ለማጉላት መሬቱን ይቆርጣል፤ ያን ጊዜ ግመሉ ይገዝፍና በረሃው ይጠፋል፣ ፎቶው የትኛውም የግመል ገበያ ላይ የተነሣ ይመስላል።

ጨው የጫኑት ግመሎች ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐመድ ኤላ መንደር አቅጣጫ ይመለሳሉ። በስተ ደቡብ ቆሜ ወደ ሰሜን ሳነሣቸው ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋሉ፤ ፀሐይ ከፊታቸው ስለሆነች ጥላቸው ከኋላ ይጎተታል። ለተጓዥ ከፊቱ ቦታ ተዉለት ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ያህል ስትቀራት ጥላ ከባለቤቱ ቁመት ከአምስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ እኔ ከኋላም እተዋለሁ። ምሽቱ መቃረቡን የሚናገረው ያ ጥላ ነው።

የግመሎቹ ሰልፍ፣ ቅፍለቱ፣ ከፍሬሙ ሲረዝም የት ይቆረጥ? ግመሎቹ ተከታትለው በገመድ ተያይዘዋል። እኔ የምቆርጠው በሁለት ግመሎች መካከል፣ ገመዱ ረገብ ብሎ በተንጠለጠለበት ላይ ነው። ግማሹ ገመድ ከፎቶው ጠርዝ ሲወጣ ተመልካቹ ሌሎች ግመሎች እንደሚከተሉ ያለ ማስረጃ ያምናል። እግሩ ላይ የተቆረጠ ግመል ግን የካሜራ አያያዝ ጉድለት እንጂ ሌላ አይመስልም።

ለቅፍለት የምወደው ወርዱ የቁመቱ ሦስት እጥፍ የሆነውን ቅርጽ ነው። 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ምስል ወደ 6000 በ2000 ሲከረከም ከ24 ሜጋፒክስል 12 ይቀራል፤ በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ሲታተም ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፣ ለሳሎን ግድግዳ በቂ ነው። ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ መቁረጥ ግን 6 ሜጋፒክስል ብቻ ያስቀራል፤ ከመሬት የሚነሣው ትኩስ አየር ያንቀጠቀጠውንም ምስል አብሮ ያጎላዋል። እንዲህ ያለ ጊዜ ረዘም ያለ ሌንስ እመርጣለሁ፤ ጠጋ ብሎ ማንሣት ከኋላ ያሉትን ተራሮች ከግመሎቹ አንጻር ያሳንሳቸዋል። አሞሌ ከሚጠርቡት ሰዎች ዘንድ ግን ሌንስ አያዋጣም፤ ሰላምታ ሰጥቶ፣ አስፈቅዶ መቅረብ ነው።

ይህ ረጅም ቅርጽ በስልክ ሲታይ እንደ ክር ይቀጥናል። ከእሱ ላይ ለስልክ የሚሆን ቁመታም ምስል ቆርጬ ለማውጣት አልታገልም፤ እዚያው ሜዳው ላይ ካሜራውን በቁመት ይዤ፣ የተሰነጣጠቀውን የጨው ቅርፊት ከግርጌ፣ ግመሎቹን ከራስጌ አድርጌ ለብቻው አነሣለሁ።