ከመኪናው በፊት ቆጣሪው፦ የመሥሪያ ቤት መኪኖችን ወደ ኤሌክትሪክ ስለማዞር

መሥሪያ ቤቶች የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዙ የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፦ በጀት ይያዛል፣ ጨረታ ይወጣል፣ መኪናው ገብቶ ታርጋ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በኋላ “ታዲያ የት ነው የምንሰካው?” ይባላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ምን ዓይነት መኪና ይገዛ የሚለው ብዙም አያከራክርም። ራስ የሚያዞረው ግቢው ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር፣ ገመድና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት መስመር) ነው።

ከእነሱም በፊት ግን የስምሪት መዝገቡ ይቀድማል። የሦስት ወሩን አውጡና የእያንዳንዱን መኪና ረጅሙን ቀን ፈልጉ። አማካዩ ያሳስታል፤ መኪናው መንገድ ላይ የሚቆመው በረጅሙ ቀን ነው። መዝገቡንም ደግሞ እንዳለ አትመኑት። ኪሎ ሜትሩ ከተቀዳው ሊትር ጋር እንዲገጥም ታስቦ የተሞላ መዝገብ ያጋጥማል። ጂፒኤስ ከሌለ ለአንድ ወር ጠዋት ሲወጣና ማታ ሲገባ የዳሽቦርዱን ቁጥር ፎቶ ማንሳት ይበቃል። ከዚያ በኋላ መኪኖቹ ራሳቸው በሁለት ይከፈላሉ። ከተማ ውስጥ የሚመላለሱትና ማታ ግቢ የሚያድሩት ቀድመው ይቀየራሉ። ለመስክ ሥራ ቀናት የሚቆዩት ፒካፖች መጨረሻ ላይ ይቆዩ። የሚታይ ውጤት ለማሳየት ተብሎ ከላንድክሩዘር መጀመር ነገሩን ገና በጠዋቱ ያስጠላል።

አሁን ወደ ስሌቱ። 20 መኪና አለ እንበል፤ እያንዳንዱ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብንል የሁሉም የቀን ፍጆታ 240 ነው፤ ሲሞላ የሚባክነውን ሲጨምሩበት 270 ገደማ ይሆናል። መኪኖቹ ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ይቆማሉ፤ 13 ሰዓት ማለት ነው። 270ን ለ13 ስናካፍል 21 ኪሎዋት ገደማ ይመጣል። ሻጩ ግን ለየመኪናው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አቅርቦ 140 ኪሎዋት ይደምርላችኋል፤ በዚህ ቁጥር የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄ ተጽፎ ሥራው እዚያው ይቆማል። ስሌቱ የሚበላሸው ከባትሪው መጠን ሲነሱ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በየሌሊቱ ከዜሮ አይሞላም፤ የሚሞላው ቀን የተነዳበት ብቻ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ወጪ ለመቀነስ ለ20 መኪና 5 ፈጣን ቻርጀር ይገዛል። በወረቀት ላይ ያምራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ገመድ እየነቀለ የሚሰካው ማን ነው? ጥበቃው ነው፤ ይህም ሁለት ሳምንት አይቆይም። ለእያንዳንዱ መኪና ባለ 16 አምፒር መሙያ ቢተከል (3.5 ኪሎዋት ነው) ሾፌሩ ማታ ሲገባ ሰክቶ ቁልፉን አስረክቦ ይሄዳል። በመኪናው ስክሪን ላይ የሰዓት ማስያዣ ስላለ አሥሩ ከማታ 12 እስከ ሌሊት 6፣ አሥሩ ከ6 ሰዓት እስከ ንጋት እንዲሞሉ ይደረጋል። ከፍተኛው ጭነት 35 ኪሎዋት ላይ ይቆማል። አንድ ቀን 120 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና በስድስት ሰዓት ሙሉውን ባይተካም ግድ የለም፤ የጎደለው በማግሥቱ ሌሊት ይሞላል። ለድንገተኛ ጉዞ ብቻ አንድ ፈጣን ቻርጀር ይኑር።

ፈጣኑን ስትገዙ የመግለጫ ወረቀቱ ላይ ከፍታ የሚለውን መስመር አንብቡ። ብዙዎቹ እስከ 2,000 ሜትር ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝም የኢንሱሌሽንም (ኤሌክትሪክ እንዳያፈተልክ የመከላከል) አቅም ይቀንሳል። ለዚህ ከፍታ የሚሆን መሆኑን አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥ።

ገመድ ላይ አትሳሱ። ከፓኔሉ 40 ሜትር ርቆ በቆመ መኪና 16 አምፒር ሲሄድ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ላይ ከ9 ቮልት በላይ ይወድቃል፤ በ6 ካሬ 4 ቮልት ያህል ነው። ምሽት ላይ መስመሩ ራሱ ከ220 በታች በሚወርድበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቻርጀሩ ይሥራ ወይስ ይቋረጥ የሚለውን ይወስናል። ዲቫይደር ፈጽሞ አይታሰብ፤ ለሰዓታት 16 አምፒር ሲሸከም መሰኪያው ይቀልጣል። “ቻርጀሩ ተበላሽቷል” የሚባለው ብልሽት ደግሞ ብዙ ጊዜ የኧርዝ ጉዳይ ነው። ኧርዝ ካላገኘ መሙያው ለደኅንነት ሲል እምቢ ይላል፤ አዲስ ቻርጀር ቢቀየርም ያው ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ኧርዙን በመሣሪያ ለክቶ ከ10 ኦም በታች መሆኑን ያሳያችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ የሚቀጥል ቻርጀር መሆኑንም ከመረከባችሁ በፊት ብሬከሩን አጥፍታችሁ አብርታችሁ ሞክሩ። ካርድ ካልተነካ የማይነሳ ከሆነ መብራት በጠፋ ማግሥት ሁሉም መኪና ባዶውን ይጠብቃችኋል።

ጨረታው ውስጥ የሚረሳው የመሰኪያው ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩት በጂቢ/ቲ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት በታይፕ 2ና በሲሲኤስ 2 ይሞላሉ። የዝግታ መሙያዎቻቸው መልክ ስለሚመሳሰል ሰው ያደናግራል፤ ግን የአንዱ ወንዴ የሌላው ሴቴ ነው፣ አይገጣጠምም። አንድ ግቢ አንድ ዓይነት ይምረጥ። የስክሪኑ ቋንቋም ይጻፍ፤ በቻይንኛ ብቻ የሚሠራ ስክሪን ላይ ሰዓት ማስያዝ የሚችል ሾፌር አታገኙም። የባትሪ ዋስትናውን አገር ውስጥ ማን እንደሚፈጽም በስም ይጠቀስ፤ ከወኪሉ ውጪ በገባ መኪና ላይ አምራቹ አላውቅም ሊል ይችላል።

ለቻርጀሮቹ የተለየ ቆጣሪ ይግባ፤ አለበለዚያ የነዳጅ በጀቱ ሲቀነስ የመብራት ሂሳቡ ለምን እንደጨመረ ለፋይናንስ የምታስረዱበት ቁጥር አይኖራችሁም።

ሾፌሮች ላይ የሚያስፈልገው ሥልጠና የግማሽ ቀን ነው፤ ዋናው ቁልቁለት ላይ ያለው ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት ይለቃል፤ ሞተሩም ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ እንደ ትናንቱ መኪናውን የሚይዝለት ነገር ያጣል። ከእንጦጦ አካባቢ የሚነሳ መኪና 85 ላይ ቢቆም ይሻላል። (ፔዳሉን ዛሬም “ነዳጅ መስጫ” ነው የምንለው።)

ጋራዡ ዘይት መቀየር ይቀርለታል፤ ብርቱካናማ ገመድ (ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድበት) ያለበትን ክፍል ግን ሠልጥኖ የ1,000 ቮልት ጓንት ካላደረገ ሰው በቀር ማንም አይንካ። የተበላሸውን ጎማው እየተንከባለለ መጎተት ሞተሩን ስለሚጎዳ አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስተው ይጫናል። ለሁለት ሳምንት ቆሞ አልከፍትም ያለ መኪና ሲያጋጥም ደግሞ ትልቁን ባትሪ ከመጠርጠር በፊት ትንሿን ባለ 12 ቮልት ለኩ። የበር ቁልፉንም ኮምፒውተሩንም የምታስነሳው እሷ ናት፤ ትልቁ 80 ላይ ሆኖ እሷ ከሞተች መኪናው አይነሳም።