የቪኤምዌር ቱልስ ፍተሻዬ፦ የሚዋሽ ስክሪፕት ጽፌ ነበር

ባለፈው «ቨርቹዋል ማሽኖቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ቱልስ ተጭኗል አልተጫነም ብዬ ማየት ሰልችቶኛል፣ ስክሪፕት ልጽፍለት ነው» ብያችሁ ነበር። ጻፍኩት። ሠራም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አመንኩት፣ ከዚያ ሲዋሸኝ እንደከረመ ገባኝ።

ለአዲስ ሰው ነገሩ ወዲህ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ ነው። ቪኤምዌር ቱልስ ደግሞ ማሽኑን ከውጭ ከሚያስተዳድረው ቪኤምዌር ጋር የሚያገናኝ ረዳት ፕሮግራም ሲሆን የሚጫነው ማሽኑ ውስጥ ባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። ባይኖርም ማሽኑ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። ጉዱ የሚወጣው ከቪሴንተር (ማሽኖቹ ሁሉ ከሚተዳደሩበት ማዕከል) ሆናችሁ በሥርዓት ላጥፋው ስትሉ ነው፤ ውስጥ ትእዛዙን የሚቀበል ስለሌለ የሚቀራችሁ ልክ ገመድ እንደመንቀል ድርግም ማድረግ ብቻ ነው። አይፒ አድራሻውም ቪሴንተር ላይ አይታይም። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ቪኤምኤክስኔት3 ለሚባለው የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሩ የሚመጣው ከቱልስ ጋር ነው።

የመጀመሪያው ስክሪፕቴ በጣም ቀላል ነበር። በፓወርሲኤልአይ (ቪኤምዌርን በፓወርሼል ስክሪፕት ለማዘዝ በሚያገለግለው መሣሪያ) ማሽኖቹን በሙሉ ጠራሁ፣ የእያንዳንዱን የቱልስ ቨርዥን ቁጥር ወሰድኩ፣ መነሻ ካደረግኩት ከ12325 ካነሰ «አሮጌ» አለበለዚያ «ደህና» ብሎ ኤክሴል ላይ እንዲጽፍልኝ አደረግኩ። ሪፖርቱ ያምር ነበር። አብዛኛው አረንጓዴ።

አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ አንዱን የቆየ ዊንዶውስ ማሽን ስከፍት ቱልሱ 9.10.5 ነው። ሪፖርቴ ላይ ግን «ደህና» ተብሏል። ቁጥሩን አየሁት፣ 9541 ይላል። እንዴት ነው 9541 ከ12325 የማያንሰው? ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ ቪሴንተር ያንን ቁጥር የሚሰጠው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። ፓወርሼል ደግሞ ሁለት ነገር ሲያወዳድር በግራ በኩል ያለውን ያያል፤ ግራው ጽሑፍ ከሆነ ቀኙንም ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። በጽሑፍ ደንብ 9 ከ1 በኋላ ስለሚመጣ 9541 «ይበልጣል»። የከፋው ደግሞ 10346ን በትክክል «አሮጌ» ማለቱ ነው፣ ሁለቱም በ1 ስለሚጀምሩና አምስት አሃዝ ስለሆኑ። ናሙና ብዬ ያረጋገጥኳቸው ማሽኖች በሙሉ እንደዚህ ያሉ ነበሩ። ከሁሉም ያረጀው ማሽን ብቻ ነው ተሰውሮ የቀረው፣ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። መፍትሔው አንድ ቃል ነው፦ ከማወዳደሬ በፊት ኢንት ብሎ ወደ ቁጥር መለወጥ።

እግረ መንገዴን ቁጥሮቹ ራሳቸው ምን ማለት እንደሆኑ አወቅኩ፣ ይሄ ለእኔ የሳምንቱ ደስታ ነበር። 10346ን ለ1024 ስታካፍሉ 10 ይደርስና 106 ይቀራል። 106ን ለ32 ስታካፍሉ 3 ደርሶ 10 ይቀራል። በቃ፣ 10.3.10 ማለት ነው። 12325ም እንደዚሁ 12.1.5 ይሆናል። አሁን ሪፖርቱ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፣ ሰው 12325 ሲባል ምንም አይታየውም።

ወደ ቁጥር ከለወጥኩ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ። አንዳንድ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ 2147483647 የሚል ቁጥር አለ። ያም «ደህና» ተብሎ አልፏል፣ በዓለም ላይ ካለው ሁሉ አዲሱ ቱልስ! ይሄ ግን የቨርዥን ቁጥር አይደለም። ሁለት በ31 ከፍ ብሎ አንድ ሲቀነስለት የሚገኘው ነው፣ ኔጌቲቭ ቁጥርንም በሚይዝ 32 ቢት ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር። ትርጉሙ «ይሄን ቱልስ የሚያስተዳድረው ማሽኑ ራሱ ነው፣ እኔን አትጠይቁኝ» እንደማለት ነው። እነዚያ ማሽኖች ላይ ያለው ቆየት ያለ ኦፕን ቪኤም ቱልስ ነው፣ ከሊኑክሱ ስርጭት (ዲስትሮ) ጋር የሚመጣው የቱልስ ዓይነት። አዲሶቹ ትክክለኛ ቁጥራቸውን ይናገራሉ፣ ሁኔታቸው ግን ያው «አንማኔጅድ» (በቪሴንተር የማይተዳደር) ነው። መጀመሪያ ይሄን ቃል ሳይ ችግር መስሎኝ ቀይ ቀብቼው ነበር። ችግር አይደለም። እነሱን የሚያድሰው የሊኑክሱ የፓኬጅ ማኔጀር ነው፣ በቪሴንተር በኩል መነካካት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አምድ የነበረውን ሪፖርት ሦስት አደረግኩት። ተጭኗል ወይ? እየሠራ ነው ወይ? አዲስ ነው ወይ? የመጀመሪያው ስክሪፕቴ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ አድርጎ ነው የሚያየው። አንድ ማሽን ላይ ቱልሱ አዲስ ሆኖ ሰርቪሱ ግን ቆሟል፤ ተጭኗል፣ ግን ከሌለው ማሽን በምን ይሻላል? በነገራችን ላይ የጠፋ ማሽንም «አይሠራም» ስለሚል ማሽኑ ራሱ በርቶ እንደሆነ ጎን ለጎን ካላያችሁ ሪፖርቱ በሐሰት ጩኸት ይሞላል።

ስክሪፕቱ ቀርፋፋ ስለነበር ማሽኖቹን የምጠራበትን ጌት-ቪኤም የሚባል ትእዛዝ ትቼ ጌት-ቪው የሚባለውን ተጠቀምኩ፣ የሚያስፈልጉኝን ነገሮች ብቻ መርጬ። ፍጥነቱ ሌላ ነገር ነው። ግን የማሽኖቹ ብዛት ከ58 ወደ 61 ዘለለ። ሦስት ማሽን ከየት መጣ? ቴምፕሌቶች ናቸው፣ አዲስ ማሽን የሚባዛባቸው ናሙናዎች። ጌት-ቪኤም አያሳያቸውም፣ ጌት-ቪው ግን አብሮ ያመጣቸዋል። ሦስቱም አሮጌ ቱልስ ተሸክመው ተቀምጠዋል፣ ከእነሱ የሚባዛ ማሽን ሁሉ ገና ሲወለድ አርጅቶ ነው የሚወለደው። እኔ ደግሞ በየወሩ «አዲስ ማሽኖች ለምንድነው አሮጌ የሚሆኑት?» እያልኩ ልጆቹን ሳክም ነበር።

«ታዲያ ስክሪፕቱ ራሱ ለምን አያድስም?» ያላችሁኝ ነበራችሁ። ሞክሬዋለሁ፣ በአንድ የሙከራ ማሽን። አፕዴት-ቱልስ የሚል ትእዛዝ አለ፣ ሪስታርት አታድርግ የሚል አማራጭም አለው። አማራጩ ግን ዋስትና አይደለም፤ እንደ አሮጌውና አዲሱ ቨርዥን ማሽኑ ሪስታርት ሊያደርግ ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ዳታቤዝ ሲወድቅ ማየት ስለማልፈልግ ስክሪፕቴ ማየት ብቻ እንጂ መንካት በማይችል አካውንት ነው የሚሠራው። እድሳቱን ጊዜ ተይዞለት በእጄ እሠራዋለሁ።

አሁን በየሰኞው ጠዋት ራሱ ይነሳል። የሚልክልኝም ከባለፈው ሳምንት የተለወጠውን ብቻ ነው፣ ሙሉውን ዝርዝር ማንም አያነበውም፣ እኔም ጭምር። የሚቀረኝ ሦስቱን ቴምፕሌቶች ማደስ ነው። ከዚያ በቪኤምዌር ሳይሆን በሊኑክሱ ኬቪኤም ላይ ወደሚሠሩት ማሽኖች እሄዳለሁ። እዚያ የቱልስን ቦታ የያዘው የኪዩኢኤምዩ ገስት ኤጀንት ነው። እሱን ማሽኑ ውስጥ መጫን ብቻውን አይበቃም፣ ከውጭ በማሽኑ ውቅር ላይ የቨርቺዮ ሲሪያል ቻነል (ከውጭ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ካልተጨመረለት የሚያናግረው አያገኝም። ፒንግ ብሎ መልስ መጠበቅ ስለሚቻል ግን «እየሠራ ነው ወይ» የሚለው ጥያቄ እዚያ የሚቀል ይመስለኛል።

ለወራት ጠፍተው የተቀመጡትን ማሽኖች ምን እንደማደርጋቸው ግን አልወሰንኩም። ለጊዜው ለብቻቸው ሌላ ገጽ ላይ አስፍሬያቸዋለሁ። እናንተ ታስነሷቸዋላችሁ ወይስ ትተዋቸዋላችሁ?