«አትየው!»

ሙዴ ከጠዋት ጀምሮ ልክ አልነበረም። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ክረምቱ ገብቷል፣ ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ ጣናም አመድማ ሆኖ ነው የዋለው። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ባያናግረኝ ደስ ይለኛል። የብየዳ ማስክ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነገር ነው። ፊቴን ከሸፈንኩ ማን መጣ ማን ሄደ አላይም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሱቅ ደጃፍ ላይ የግቢ በር እየበየድኩ ነበር። ብየዳ እየተማርኩ ነው፤ ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት እሳቸው ጋ ነው። ማስኩን ከፍ አድርጌ ቅርፊቱን በመዶሻ ሳራግፍ አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ቆሞ ማየት ፈልጓል። መልሼ ልጀምር ስል ነጠላዋን ዓይኑ ላይ ጣል አደረገችና «አትየው! ዓይንህን ያጠፋዋል!» ብላ እየጎተተች ወሰደችው።

ሴትዮዋ ልክ ናት። የብየዳ ብርሃን ሲያዩት ምንም አይልም። ተንኮሉ ማታ ነው። ስድስት ሰባት ሰዓት ቆይቶ ዓይን ይቆረቁራል፣ እንባ ይወርዳል፣ መብራት ማየት ያቅታል። ጨረሩ የዓይንን ስስ ሽፋን ስላቃጠለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። የሰፈር መድኃኒቱ ድንች ነው፤ ቆርጠህ ዓይንህ ላይ ታስቀምጣለህ። ቅዝቃዜው ያስታግሳል፣ ከዚያ ያለፈ አልጠብቅበትም። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ ስንበይድ ደግሞ ጋሼ ወተት ያስገዛሉ። ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ከወተቱ ይልቅ በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ይሻላል። ግን ወተት ተጋብዤ እምቢ አልልም።

እኔንም በልጅነቴ ስንቴ ጎትተውኛል። ያኔ አትይ የተባልኩትን ነገር ነው አሁን ገንዘብ ከፍዬ እይ የምባለው። መምህራችን የሚጮኸው አንድ ነገር ነው። «ብርሃኑን ተወው! የቀለጠውን እይ!» በማስኩ ቁጥር 11 ጥቁር መስታወት ውስጥ ዓለሙ ሁሉ ጨለማ ነው። ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበይደውን ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ስትጭረው አረንጓዴ ነገር ቦግ ይላል። የጀማሪ ዓይን እዚያ ብልጭታ ላይ ይቀራል። ሥራው ያለው ግን ከብልጭታው ኋላ ነው፣ የቀለጠው ብረት ሁለቱን ጠርዞች በሚይዝበት ቦታ። እሱን ማየት ስትጀምር እጅህ በራሱ ይረጋጋል። ድምፁም ይነግርሃል። ርቀቱ ልክ ሲሆን ጣና ዳር ዘይት ውስጥ እንደገባ ቆሮሶ ዓሣ ይንጨረጨራል። ከተጠጋህ ይጣበቅብሃል፣ ከራቅክ ይተፋል።

ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው የበርና የመስኮት ብረት፣ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ስስ ነው። በ2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ፣ 70 አምፔር አካባቢ ይዘህ ትንሽ ቆም ካልክ ይበሳል። ከዚያ ያንን ቀዳዳ ለመድፈን የሚደረገው ትግል አይወራም። ክረምት ሲሆን ኤሌክትሮዱም እርጥበት ይጠጣል፤ ብየዳው ውስጥ አየር ይቀርና ይበሳሳል። ጋሼ ፓኬቱን የሚያስቀምጡት አምፖል የሚበራበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ማንም አልነገረኝም። ሥልጠናው 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ፣ 70 በመቶ ተግባር ነው ይባላል። የጋሼ ሳጥን ከየትኛው በመቶ እንደሚቆጠር የሚያውቅ ይንገረኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ አትየው።

አያቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር። የእሷ ግን ስለ ዓይን አልነበረም። አቸፈር፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከአባባ ጋር ማረሻ ለማስቀጥቀጥ እንሄዳለን። የቀጥቃጩ ሰውዬ ቤት ከመንደሩ ራቅ ይላል። ወናፉን ልጁ ይነፋል። ብረቱ ቀልቶ ሲወጣ ከዚያ የሚበልጥ የሚያምር ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። አያቴ ከመሄዳችን በፊት ክታቤ አንገቴ ላይ መኖሩን ታያለች። «ዓይን ዓይኑን አትየው። ቢሰጥህም እንዳትበላ» ትላለች። ሆዴን ሲቆርጠኝ ጥፋተኛው እሱ ነው። ሌሊት ጅብ ሲጮህም እሱ ነው። ማረሻውን ግን በየዓመቱ እሱ ነው የሚሠራልን። የበላነው ጤፍ ሁሉ በእጁ ያለፈ ነው። እሱ ቤት እህል ቀምሰን አናውቅም።

ደግሞ የአቸፈር ጉድ ብቻ አይደለም። ከጣና ወዲያ፣ በጎንደር በኩል፣ ብረትና ሸክላ የሚሠሩት ቤተ እስራኤሎች ቡዳ እየተባሉ ነው የኖሩት። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ እኛ መንደር ሳይደርስ መንገድ ላይ መሽቶበት መሆን አለበት።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን የሠሩት ፈረንጆችም እሳት አንድደው፣ ማዕድን አቅልጠው ነው። እነሱን ቡዳ ያላቸው ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። በ1950ዎቹ እዚሁ ባሕር ዳር በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒክ ሲከፈትም ያው ነው። ብረት መቁረጥና ማገጣጠም ተምሮ የወጣ ልጅ የቤተሰቡ ኩራት ሆነ። አሁንማ የብየዳ ሱቅ የሌለበት መንገድ የት አለ? ጋሼ ደጃፍ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል፣ ከእጃቸው ይጎርሳል። ንግድ ፈቃዳቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ታዲያ ወናፍ የያዘው ቡዳ፣ ኢንቨርተር የሚባለውን የብየዳ ማሽን የያዘው ባለሙያ የሆነው በምን ሒሳብ ነው? ኤሌክትሪክ ያነጻል እንዴ? የእሱ እሳት ከሰል ነው፣ የእኔ ከሶኬት ይመጣል። የእሱ ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው፣ የእኔ ብልጭታ ከ5,000 ይበልጣል። በሙቀት ከሄድን ጅብ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ።

የቀጥቃጩን ሰውዬ ስም አላውቀውም። አባባ ሲጠራው ሰምቼም አላውቅም፤ ደጅ ቆሞ ይጠራራል እንጂ። ወናፍ የሚነፋው ልጅ ግን እኩያዬ ነበር። አንዳንዴ እዚህ ከተማ በር ከሚሠሩት አንዱ እሱ ይሆን እላለሁ። ከሆነ ጉዴ ነው። ብረት ቀልቶ ስንት ቀለም እንደሚያልፍ ገና ሳይናገር ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ገና ኤሌክትሮድ ሳይጣበቅብኝ መጀመር በመቻሌ የምኩራራ ነኝ። ሁለታችን ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ፈተና ብንቀመጥ፣ የጽሑፉ ጥያቄ ላይ ኤሌክትሮድ ላይ የተጻፈው 6013 ምን ማለት ነው ሲባል እኔ መልሼ እሱ ቢወድቅስ? ማን በያጅ ሆነ ማለት ነው?

ማታ ለአያቴ ደወልኩ። ከድሮው ቢሮዬ ከወጣሁ ወዲህ ምን ላይ እንዳለሁ በቅጡ አልነገርኳትም። «ኮርስ ላይ ነኝ» እያልኩ ነው የቆየሁት። ኮርስ የሚለው ደስ ይላታል፤ ለጎረቤት ሲነገርም ያምራል። ዛሬ አፌ አመለጠኝ።

«እምዬ፣ የምማረው እኮ የብረት ሥራ ነው።»

ዝም አለች። ካርዴ ያለቀ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

«ብረት መቀጥቀጥ?»

«ኧረ አይደለም። በመብራት ነው የሚሠራው።»

«በመብራት ከሆነስ ደህና» አለች። እፎይ ልል ስል ቀጠለች። «ታዲያ ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ትሆናለህ?»

እያሾፈችብኝ ይሁን ከልቧ እየጠየቀች ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ምኒልክን ስጠቅስ፣ ቴዎድሮስን ስጠራ፣ በልቤ ስከራከር የዋልኩ ሰው ነኝ። ክርክሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር።

«ጄኔሬተር አለን» አልኳት።