«ኦፍ» የጠፋችበት ዓረፍተ ነገር

የምሠራው ለገሃር አካባቢ ነው። ሪፖርትና ቃለ ጉባኤ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ስብሰባ በመጨረሻው ሰዓት ተሰረዘ። ለውጭ አጋሮቻችን «ተሳታፊዎቹ ሲደርሱ ስብሰባው ተሰርዞ ነበር» ለማለት ፈልጌ «ዘ ሚቲንግ ሃድ ቢን ኮልድ» ብዬ ላክሁ። «ኦፍ» የምትለዋን ረስቻታለሁ። «ኮልድ ኦፍ» ተሰረዘ ማለት ነው። «ኮልድ» ብቻውን ሲሆን ግን ስብሰባው ተጠርቶ ነበር ማለት ነው። በማግስቱ «ታዲያ ቃለ ጉባኤው የታለ?» የሚል ኢሜይል መጣ። በጣም ደነገጥኩ።

አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ምን ልትል እንደፈለግህ ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። የተማርኩት ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው።

«ሰረዘ» ላይ «ተ» ስንጨምር «ተሰረዘ» ይሆናል። ቀድሞ ያለቀ ነገር ሲሆን «ተሰርዞ ነበር» እንላለን። እንግሊዝኛው ለዚሁ «ሃድ»ን፣ «ቢን»ን፣ ከዚያም የግሱን ፓስት ፓርቲሲፕል (እንደ «ኮልድ» ያለውን የግስ ቅርጽ) ያሰልፋል። ግሱ ፍሬዛል ቨርብ ከሆነ፣ ማለትም እንደ «ኮልድ ኦፍ» ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አንድ ትርጉም የሚሰጥ ከሆነ፣ ትንሿ ቃል ከኋላው ትከተላለች፤ ፓሲቭ (እንደ «ተሰረዘ» ድርጊቱ የተፈጸመበትን የሚያስቀድም) ስለሆነ አትቀርም። የእኛን «ዝም አለ» አስቡት። «ዝም»ን ብናወጣው «አለ» ብቻ ይቀራል፤ ትርጉሙም ሌላ ነው። «ኦፍ»ም እንደዚያው ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ እለማመድ ጀመር። በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ ከራሴ ሪፖርት የወጣ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በቀኙ እንግሊዝኛውን እጽፋለሁ። ቁልፉ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፦ «ሃድ ኦልሬዲ ቢን ሃንድድ ኦቨር»። ጥያቄው ውድቅ ተደርጎ ነበር፦ «ሃድ ቢን ተርንድ ዳውን»። ከመጽሐፍ የቃል ዝርዝር መሸምደዱ ለእኔ አልሠራም። የራሴ ሥራ ውስጥ ያለው ግን አይረሳኝም።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ «ተ» ራሷ ናት። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ነበር ለማለት «ሃድ ቢን ብሮክን ዳውን» እጽፍ ነበር። ስህተት ነው። ትክክሉ «ሃድ ብሮክን ዳውን» ነው፤ «ቢን» የለበትም። መኪናውን ማንም አላበላሸውም፣ በራሱ ቆመ። «ተበላሸ» በ«ተ» ስለሚጀምር ብቻ ፓሲቭ መስሎኝ ነው። «ተነሳ»ና «ተመለሰ»ም እንዲሁ ያሳስታሉ። በሩን ግን ሌባ ሰብሮት ከሆነ «ሃድ ቢን ብሮክን ዳውን» ልክ ነው። አሁን «ቢን» ከመጻፌ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ድርጊቱን የፈጸመው ሌላ አካል አለ?

«ነበር»ም አስቸግሮኛል። በአማርኛ «ተሰርዞ ነበር» ስንባል «እና ከዚያስ?» ብለን እንጠብቃለን፤ ሐሳቡ ተቀይሮ ይሆናል እንላለን። እንግሊዝኛው «ሃድ ቢን» ግን የሚነግረን ከሌላ ድርጊት መቅደሙን ነው። ሌላ ድርጊት ከሌለ «ዎዝ ኮልድ ኦፍ» ይበቃል። እኔ ግን በየመስመሩ «ሃድ» እደረድር ነበር።

ለጥብቅ ሪፖርት ደግሞ አንዳንዴ ባለ አንድ ቃሉ ግስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። «ፑት ኦፍ» ከማለት «ፖስትፖንድ»፣ «ኮልድ ኦፍ» ከማለት «ካንስልድ»። ለሥራ ባልደረባ በሚጻፍ ኢሜይል ግን ፍሬዛል ቨርቡ ይቀላል፣ ሞቅም ይላል።

ሁለት ትናንሽ ቃላት የሚያስከትሉት ፍሬዛል ቨርቦች አሁንም ይከብዱኛል። ባለፈው ሳምንት የድሮው አሠራር ቀርቶ ነበር ለማለት «ሃድ ቢን ዳን አዌይ ዊዝ» ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ድምፄን አውጥቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዊዝ» በቦታዋ ነበረች። ላክሁት።